«ነገርን ከሥሩ» ላሉት ሐኪም፦ ስለ ፋንክሽናል ሜዲስን ትንሽ ረዘም ያለ ምላሽ

ሰሞኑን አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ፋንክሽናል ሜዲስን የገቡበትን መንገድ የተረኩበት ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ነበር። ለእኔም ከዚህም ከዚያም ደረሰኝ። አንዳንዱ «አንብበው፣ ልካችሁን ነገሩልን» ብሎ ልኮታል። ሌላው «እውነት ነው እንዴ?» ይላል። እኔም የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ጸሐፊዋ ለዓመታት ሆስፒታል ውስጥ ሠርተዋል። ታካሚን በጥድፊያ ማየት፣ ያንኑ ማዘዣ ደጋግሞ መጻፍ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ማደር ታከታቸው። በመሃል ራሳቸው ታመሙ። ድካም፣ የሆድ መነፋት፣ እንቅልፍ ማጣት። የተመረመሩት ሁሉ «ኖርማል» ሆነ። ከዚያ ፋንክሽናል ሜዲስንን አገኙ። አመጋገባቸውን ቀየሩ፣ ሰፕሊመንት (የቫይታሚንና የመሳሰሉት ተጨማሪ ክኒኖች) ጀመሩ፣ ተሻላቸው። ሥልጠናውን ወስደው የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። አሁን አዲስ ታካሚን አንድ ሰዓት ተኩል ያያሉ፣ ረጅም የምርመራ ዝርዝር ያዛሉ። ጽሑፋቸው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» በሚለው ተረት ይጀምራል። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ሆስፒታል ለቀረነው የተላከ ወቀሳ ነው።

ለማያውቀው፣ ፋንክሽናል ሜዲስን ለበሽታ ስም ከመስጠት ይልቅ የሰውነትን አሠራር በጠቅላላ አይቼ መንስኤውን አገኛለሁ የሚል አካሄድ ነው። ዋነኛ መሥራቹ ጄፍሪ ብላንድ የተባሉ አሜሪካዊ ባዮኬሚስት ሲሆኑ፣ ተቋማቸው የተመሠረተው በ1991 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጽሑፋቸው ቅደም ተከተል ልሂድ። አንዳንዱ ነጥብ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን በቶሎ አልፈዋለሁ።

የመጀመሪያው ክስ የታወቀው ነው። ሆስፒታል ምልክትን ያስታግሳል እንጂ ሥሩን አይነካም ይላሉ። የጨጓራ ቁስለትን እንውሰድ። ለረጅም ጊዜ ጭንቀትና አመጋገብ የሚያመጡት በሽታ ነው ይባል ነበር። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ከጀርባው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ እንዳለ አሳዩ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጡት፤ ጨጓራቸው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ ዕድሜውን ሙሉ አሲድ መቀነሻ ሲውጥ ይኖር የነበረ ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል ፀረ ባክቴሪያ ወስዶ ይገላገላል። ይህ ሥር ካልሆነ ሥር የሚባለው ምንድን ነው? ልብ በሉ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተሳሳተው «ጭንቀትና አመጋገብ ነው» ያለው ወገን ነበር።

ሌላም አለ። ደም ማነስ ላለበት ጎልማሳ የብረት ክኒን ብቻ አዝዞ የሚሸኝ ሐኪም ሥራውን አልሠራም። ደሙ የት እየሄደ እንደሆነ መፈለግ አለበት። የአንጀት ካንሰር አንዳንዴ የሚገኘው እንዲህ ነው። ይህን ጸሐፊዋም ያውቁታል፤ የተማርነው አንድ ዓይነት ትምህርት ነው።

በሌላ በኩል ሁሉም በሽታ አንድ ሥር የለውም። አብዛኛው የደም ግፊት ተለይቶ የሚታወቅ አንድ መንስኤ የለውም። ዘር፣ ዕድሜ፣ ጨው፣ ክብደት፣ ኩላሊት ሁሉ እየገቡበት ነው የሚመጣው። ሥሩ እስኪገኝ ብለን ግፊቱን ብንተወው ስትሮክ አይጠብቀንም። መድኃኒቱ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ስትሮኩንም እንደሚቀንስ ደግሞ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሐኪም «መንስኤውን በትክክል አናውቀውም» ሲል ታካሚው ቅር ይለዋል፣ ይገባኛል። ግን ለሁሉም ነገር መንስኤ የሚያገኝ ሐኪም ይበልጥ ያሳስበኛል።

ሁለተኛው ነጥባቸው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ የጻፉትን አንድም ቃል አልነካም። እንዲያውም ልጨምርበት። በ2017 የወጣ ጥናት የ67 አገሮችን መረጃ ሰብስቦ ነበር። የዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በሚኖርባቸው 18 አገሮች አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪም ለአንድ ታካሚ የሚሰጠው ጊዜ በአማካይ 5 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ነው። ዝቅተኛው ባንግላዴሽ፣ 48 ሴኮንድ። ከፍተኛው ስዊድን፣ 22 ደቂቃ ተኩል። በ1984 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሐኪሞች ታካሚው መናገር ከጀመረ በአማካይ 18 ሴኮንድ ላይ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። በ18 ሴኮንድ ውስጥ ሰው ወንበሩን አስተካክሎ «ነገሩ የጀመረኝ...» ከማለት አያልፍም።

መደመጥ ደግሞ ራሱ ያሽላል። ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳየው በቴድ ካፕቹክ የሚመራ የሃርቫርድ ቡድን በ2008 ያሳተመው ጥናት ነው። አይቢኤስ የሚባለው የአንጀት መታወክ ያለባቸውን 262 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ተራ እየጠበቁ ቆዩ። ሁለተኛዎቹ የማስመሰያ አኩፓንቸር (የቻይናውያን የመርፌ ሕክምና) ተደረገላቸው፤ መርፌው ቆዳ አይወጋም፣ ሠሪውም ብዙ አያወራም። ሦስተኛዎቹ ያንኑ የውሸት መርፌ አገኙ፤ ግን በመጀመሪያው ቀን ለ45 ደቂቃ የሚያዳምጥ፣ የሚጠይቅ፣ የሚያበረታታ ሐኪም ተጨመረላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ «በቂ እፎይታ አግኝቻለሁ» ያለው ከመጀመሪያዎቹ 28፣ ከሁለተኛዎቹ 44፣ ከሦስተኛዎቹ 62 በመቶ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ይዛችሁ የጸሐፊዋን ክሊኒክ አስቡት። አንድ ሰዓት ተኩል ማዳመጥ። ስለ ልጅነት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር መጠየቅ። በመጨረሻ የምርመራ ወረቀትና የሰፕሊመንት ጠርሙስ። ታካሚው ሲሻለው ማን ይመሰገናል? ጠርሙሱ። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። የሚሠራውን ነገር ክብር የማይሠራው ይወስድበታል።

ሰውን በሙሉ ማየት የሚለው ሐሳብም የእነሱ ግኝት አይደለም። ጆርጅ ኤንግል የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1977 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ሕክምና አካልን፣ አእምሮንና ማኅበራዊ ኑሮን አንድ ላይ ማየት አለበት ብለው ተከራክረዋል። የሕክምና ተማሪዎች እስከ ዛሬ ይማሩታል። ተግባር ላይ ሲደረስ ወረፋው ይውጠዋል እንጂ ሐሳቡ ከእኛው ቤት ነው የወጣው። ደግሞም አንድ ሰዓት ተኩሉን የሚያገኘው መክፈል የሚችል ሰው ነው። ጸሐፊዋ ጥለውት የወጡት ወረፋ አላጠረም፤ አንድ ሐኪም ጎደለው። መውጣታቸውን አልፈርድበትም። ሰው ሲደክም ይወጣል። ነገር ግን የአንድ ሰው ማምለጫ ለሕክምናው ሁሉ እንደ መፍትሔ ሲቀርብ አልስማማም።

ሦስተኛው፣ ምግብና እንቅስቃሴ ከመድኃኒት ሊበልጡ ይችላሉ፣ ሆስፒታሎች ግን ይህን አይሰሙም ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው። በ2002 የታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ለበሽታው የተጋለጡ 3,234 ሰዎችን ይዞ ነበር። ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ። በብሪታንያ የተደረገውና በ2017 የወጣው ዳይሬክት የተባለው ጥናት ደግሞ ዓይነት 2 ስኳር ከያዛቸው ሰዎች መካከል ጥብቅ የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ውስጥ የገቡት 46 በመቶዎቹ በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መስመር በታች እንደወረደ አሳየ። በሌላው ቡድን 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት 46ቱ ወደ 36 ወርዷል። ይህም መነገር አለበት፤ ክብደት ይመለሳል፣ ስኳሩም ይከተለዋል።

እንግዲህ እነዚህን ጥናቶች ማን ሠራቸው? መንግሥትና በጎ አድራጎት ድርጅት የደገፏቸው ተራ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች። የዳይሬክት ፕሮግራም የተሰጠው በየሰፈሩ ባሉ ተራ ጤና ጣቢያዎች ነው። የሰገራ ትንተና፣ የከባድ ብረት ምርመራ፣ ዲቶክስ (ከሰውነት መርዝ ማስወጣት) የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሆስፒታሎች ይህን በተግባር ለማዋል ዳተኞች ናቸው ቢሉ ኖሮ ከጎናቸው ቆሜ እጮህ ነበር። «አይሰሙም» ግን አይባልም።

አራተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ትልቁ ጣጣ ያለው እዚያ ነውና። ጸሐፊዋ ተራው ምርመራ ብዙ ነገር ይስታል፣ ስለዚህ እኔ ሰፊ ምርመራ አዛለሁ፣ ውጤቱንም በላቦራቶሪው ክልል ሳይሆን ጠበብ ባለ «ምርጥ» ክልል እመዝናለሁ ይላሉ። ሲሰሙት ጥንቃቄ ይመስላል። ሂሳቡን ግን እንሥራው።

«ኖርማል» የሚባለው ክልል ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ጤነኛ ሰዎችን ለክቶ መሃል ላይ ያሉትን 95 በመቶ በመውሰድ ነው። ከላይና ከታች የሚቀሩት 5 በመቶ ሰዎችም ጤነኞች ናቸው፤ ከመስመሩ ውጭ ወደቁ እንጂ። ስለዚህ ለአንድ ፍጹም ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ምርመራዎች ቢታዘዙለት፣ ቢያንስ አንዱ «ችግር አለ» የማለት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። 100 ቢታዘዙ ከ99 በመቶ ያልፋል። በዚያ ላይ ክልሉን ካጠበቡት ጤነኛ የሚባል ሰው አይተርፍም። ከክሊኒኩ ምንም ሳይገኝበት የወጣ ሰው እንደሌለ ጸሐፊዋ በኩራት ጽፈዋል። እኔ ያንን ሳነብ የደነገጥኩት ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ የምርመራዎቹ ዓይነት አለ። የምግብ አለመስማማትን ይለያል ተብሎ የሚሸጠውን የአይጂጂ ምርመራ እንይ። አይጂጂ ደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ሰውነት ያንን ምግብ እንደሚያውቀው ነው የሚናገረው። አዘውትሮ የሚበላ ሰው ቢኖረው አይገርምም። የአውሮፓ የአለርጂና የኢሚውኖሎጂ አካዳሚ በ2008፣ የካናዳው ማኅበር በ2012 ለዚህ ዓላማ አትጠቀሙበት ብለዋል። ውጤቱን ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ረጅም የተከለከለ ምግብ ዝርዝር ይዞ ነው የሚመጣው። የሚበላው ሲጠፋው ይከሳል፣ ይፈራል፣ ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብ ይተዋል። ግሉተን የሚባለውን የስንዴ ፕሮቲን ማቆምም የራሱ ጣጣ አለው። ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት እውነተኛው የሲሊያክ በሽታ የሚታወቀው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሲመረመር ነው። አስቀድሞ ካቆመ ምርመራው ሊስተው ይችላል። በሽታው ያለበት ሰው «የለብህም» ተብሎ ይሸኛል ማለት ነው።

«የሚያፈስ አንጀት» የተባለውስ? የአንጀት ግድግዳ ማሳለፍ የሌለበትን ማሳለፉ በሲሊያክና ክሮንስ በሚባለው የአንጀት ቁጣ በሽታ የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን ለዚህ ተብለው ከሚሸጡት፣ ዞኑሊን የተባለውን ፕሮቲን ይለካሉ ከሚባሉት መለኪያዎች ውስጥ በጥናት የተፈተሹት ሲታዩ፣ የሚይዙት ዞኑሊንን ራሱን ሳይሆን ሌሎች ፕሮቲኖችን ሆኖ ተገኝቷል። እውነተኛ ሐሳብ ላይ የማይታመን መለኪያ ተለጠፈበት።

«የአድሬናል ድካም»፣ ማለትም ከኩላሊት በላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ በጭንቀት ይዝላል የሚለው፣ ደግሞ ይባስ ብሏል። በ2016 የታተመ ግምገማ 58 ጥናቶችን አገላብጦ እንዲህ የሚባል በሽታ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። እውነተኛ የአድሬናል ዕጢ መድከም ግን አለ፣ አዲሰን ይባላል፣ ካልታከመ ይገድላል፣ ኮርቲዞል የተባለውን የዕጢውን ሆርሞን በምራቅ እየለኩ በሚሠሩት ገበታ ሳይሆን በታወቀ የሆርሞን ምርመራ ይለያል። በ2018 ተመራማሪዎች አድሬናልን ይደግፋሉ ተብለው አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ 12 ሰፕሊመንቶችን መረመሩ። በሁሉም ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን ተገኘ፣ በአብዛኞቹም ስቴሮይድ። መለያው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን የሚውጥ ሰው ለጥቂት ጊዜ ጉልበት ቢሰማው ምን ይገርማል!

ይህን ስል የእኛን ጥፋት አልሸፍንም። «ኖርማል ነው» ብሎ ፋይሉን መዝጋት መጥፎ ሕክምና ነው። ውጤቱ ኖርማል ሆነ ማለት ሰውየው አላመመውም ማለት አይደለም። ድካም ያለበትን ሰው በሌሊት ያንኮራፋል ወይ፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ድብርት አለ ወይ? የሚወስደው መድኃኒት ራሱ እያደከመው ቢሆንስ? ይህ ሁሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠየቅ ነው፤ ደም አይቀዳበትም። ጸሐፊዋን «ምንም የለብሽም» ብሎ የሸኛቸው ባልደረባ ይህን ቢጠይቅ ኖሮ ጽሑፋቸው ሌላ መልክ በያዘ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አምስተኛው፣ ሰፕሊመንት ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቢያንስ አይጎዳም የሚለው ነው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ቤታ ካሮቲን፣ ማለትም ካሮት ውስጥ ያለው ያው ተፈጥሯዊ ነገር፣ በክኒን መልክ ሲሰጥ ከሳንባ ካንሰር ይከላከላል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ክኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ተመሳሳይ ጥናትም በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ደግሞ ለፀጉርና ለጥፍር ብሎ የሚወስደው ብዙ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ባዮቲን የላቦራቶሪ ውጤትን እንደሚያዛባ አስጠነቀቀ። ድንገተኛ የልብ ጥቃትን (ሃርት አታክን) የሚያሳየውን ትሮፖኒን የተባለ የደም ምርመራ ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። የታይሮይድ ውጤትንም ያምታታል። ሰፕሊመንት አዝዞ ወዲያው ደግሞ ላቦራቶሪ ለሚያዝ ክሊኒክ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቫይታሚን የጎደለው ሰው ይሰጠው፣ ማንም አይከራከርም። ላልጎደለው ግን ሌላ ነው። ቫይታል በተባለው ጥናት 25,871 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በየቀኑ 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ወሰዱ። ካንሰርም ሆነ ከባድ የልብ ሕመም አልቀነሰላቸውም።

ስለ መድኃኒት ኩባንያዎች ጥቅም የጻፉትን በሁለት መስመር ልለፈው። አዎ፣ ገንዘቡ ሕክምናን ያጣምማል፣ ሕጉ ይጥበቅ። ሰፕሊመንትም ግን ግዙፍ ንግድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ ገበያ ከመውጣቱ በፊት መሥራቱን እንኳ ማሳየት አይጠበቅበትም። እዚያው ያዘዘው ሐኪም እዚያው ሲሸጠው ደግሞ የጥቅም ግጭቱ ከእኛው ጋር ሲነጻጸር እንዲያውም በቅርብ ይታያል።

ስድስተኛው የራሳቸው መዳን ነው። የሰው ሕመም ላይ መከራከር ደስ አይልም። መታመማቸውንም መሻላቸውንም አምናለሁ። ሆኖም ጽሑፋቸው ውስጥ በቶሎ የምታልፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ሥራ በለቀቁበት ወር የሌሊት ተረኝነቱም ቀርቷል። ምግባቸውን ቀይረዋል፣ አልኮል ትተዋል፣ ሙሉ ሌሊት መተኛት ጀምረዋል፣ የሚያስጨንቃቸው ሥራ የለም፣ ብዙ ዓይነት ክኒንም ጀምረዋል። ከዚህ ሁሉ ክኒኑን ለይቶ ማመስገን በየትኛው ሂሳብ ነው?

የታካሚዎቻቸውም ነገር እንዲሁ ነው። ሰው ሐኪም የሚቀይረው በጣም ሲብስበት ነው። ድካምና የሆድ መነፋት ደግሞ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ጫፍ ላይ ደርሶ የመጣ ሰው ምንም ባይደረግለትም ብዙ ጊዜ ቀለል ይለዋል። ያልተሻላቸው ተመልሰው አይመጡም፤ ምስክርነትም አይጽፉም። ይህ የእሳቸው ብቻ ወጥመድ አይደለም። የእኔም፣ የማንኛውም ሐኪም ነው። ጥናት የሚባለው ነገር የተፈለሰፈው ለዚሁ ነው።

የመጨረሻው ክርክራቸው ይህንኑ ይነካል። ሕክምናችን ለእያንዳንዱ ሰው ተለክቶ የሚሰፋ ስለሆነ በዕጣ በሚደረግ ጥናት ሊለካ አይችልም ይላሉ። ይቻላል። የሥነ ልቦና ሕክምናም ለየሰው የሚለካ ነው፤ በዕጣ ተጠንቷል። ከላይ ያነሳሁት የስኳር መከላከያ ጥናትም ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የራሱ አማካሪ ነበረው። የሚያስፈልገው ክኒኑን ሳይሆን አካሄዱን በሙሉ በዕጣ ማደል ነው።

ጸሐፊዋ የሚጠቅሱት ክሊቭላንድ ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ ሆስፒታል ጥናት በ2019 ወጥቷል። የፋንክሽናል ሜዲስን ማዕከሉን ታካሚዎች ከተራ የቤተሰብ ሐኪም ታካሚዎች ጋር አነጻጽሯል። በተመሳሰሉ 398 ጥንዶች መካከል በስድስተኛው ወር የፋንክሽናሎቹ የአካል ጤና ነጥብ በአማካይ በ1.3 ገደማ የበለጠ ተሻሽሎ ተገኘ። ይህን ጽፈዋል። በዓመቱ ግን ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አልጸናም። ይህን አልጻፉም። ጥናቱም በዕጣ የተደረገ አልነበረም፤ ወደ ማዕከሉ የሄዱት ፈልገው፣ ተስፋ አድርገው የሄዱ ናቸው።

ስለዚህ ዶክተር፣ አንድ ሐሳብ ላቅርብልዎ። ክሊኒኩ አለዎት፣ ታካሚ አለዎት። ፈቃደኛ የሆኑ አዳዲስ ታካሚዎችዎን በዕጣ ለሁለት ይክፈሏቸው። ሁሉም ያንን አንድ ሰዓት ተኩል ያግኙ፣ ስለ ምግብ፣ እንቅልፍና እንቅስቃሴ ያንኑ ምክር ይስጧቸው። ገሚሶቹን ብቻ ሰፊውን ምርመራና ሰፕሊመንቱን ይጨምሩላቸው። በዓመቱ የትኛው ቡድን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጠይቃቸው። ያቋረጡትም ይቆጠሩ፣ የወጣው ወጪም ይጻፍ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከቻውን አብሬዎት እጽፋለሁ፣ ስታቲስቲክስ የሚሠራ ጓደኛም አለኝ። ሰፕሊመንት ያገኙት በግልጽ ከበለጡ ይህን ምላሽ አነሳዋለሁ፣ ሥልጠናውንም ልወስድ እመጣለሁ።